ሰደፍና አፈሙዝ፦ ጠመንጃን እንደ ቅርስ መውደድ ይገባልን?

ሰው በእጁ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ የጠመንጃን ያህል የተፈራም የተወደደም ጥቂት ነው። ማረሻ ሕዝብን ይመግባል፤ ነገር ግን ማረሻውን ከፍ አድርጎ በአደባባይ የፎከረ ሰው አናውቅም። ወፍጮ ቤተሰብን ያኖራል፤ ነገር ግን ወፍጮን በጨርቅ ሸፍኖ እንደ ክብር ዕቃ ለልጅ ልጅ ያወረሰ የለም። ጠመንጃ ግን በሞራ ታሽቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ለእንግዳ ሲታይ፣ ለሙሽራ ሲተኮስ፣ ለሟችም ሲጮህ ኖሯል።

ይህ ፍቅር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥንታዊና ዘመናዊ ጠመንጃዎችን እየፈለጉ የሚገዙ፣ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩ፣ በዕረፍት ቀናቸውም ዒላማ ተክለው የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ በሰው ላይ አነጣጥረው የማያውቁ፣ ሕግ አክባሪና ሰላማዊ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰውን ለመግደል ታስቦ የተሠራን ዕቃ ስለ ውበቱ፣ ስለ ጥበቡና ስለ ታሪኩ ብሎ መውደድ ከሥነ ምግባር አኳያ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ በወዳጁ ላይ የሚጥለው ግዴታ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከመጻሕፍት ብቻ የተገኘ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ሲያርፉ ለእኛ ለልጆቻቸው ከተዉልን ጥቂት ንብረት መካከል አንድ አሮጌ ውጅግራ ነበረበት። ስለ እርሱ የተነሣውን ክርክር ኋላ አወሳለሁ። አስቀድሜ ግን ነገሩን ከሥሩ ልመርምር።

ሰብሳቢውን ከመውቀሳችን በፊት የሚወደውን ነገር እርሱ በሚያይበት ዓይን ማየት ተገቢ ነው። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ የአንጥረኛው፣ የአናጢውና የቀራጩ እጅ በአንድነት ይታያል። ክር እየነደደ ባሩዱን ከሚለኩስበት ዘመን ወደ ባልጩት፣ ከባልጩት ወደ ቆብ፣ ከቆብም ባሩድና እርሳስን በአንድ ቀለህ ውስጥ ወደ ያዘው ጥይት የተደረገው ጉዞ የሰው ልጅ የብረትና የእሳት ዕውቀት ታሪክ ነው። ጥቁር ባሩድ በተለመደው ቅመማ ከመቶው 75 እጁ ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ይህን ባሩድ ሰፍሮ ያፈስሳል፤ እርሳሱን ያገባል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያነጣጥረው። የእኛ ሰዎች እንዲህ ያለውን አዝጋሚ መሣሪያ «ቁመህ ጠብቀኝ» ብለው መሰየማቸው ቀልድም ዕውቀትም ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በእነዚህ በአፈሙዛቸው በሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብቻ የሚደረግ ዓለም አቀፍ የዒላማ ውድድር አለ። ተወዳዳሪው የሚሸለመው ስላልቸኮለ ነው።

ሰብሳቢው ሌላም ነገር ያውቃል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 በለበል ጠመንጃቸው ጢስ አልባውን ባሩድ ለጦር ሠራዊት ካዋሉ በኋላ የዓለም መሣሪያ ሁሉ ተለወጠ። ይህን ኃይለኛ ባሩድ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ አፈሙዝ ውስጥ የሚጨምር ሰው መሣሪያው በገዛ ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌውን ብረት ለማሳመር ብሎ በአሸዋ የሚፈትግም የዘመኑን ምልክት ያጠፋዋል። ስለሆነም ጥሩ ሰብሳቢ ትሑት ነው፤ ዕቃው የራሱ ዘመንና ጠባይ እንዳለው ያውቃል፣ ያከብራልም። ይህ በማናቸውም ሚዛን መልካም ባሕርይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ የጠመንጃ ፍቅር ከዕቃ ፍቅር አልፎ እናገኘዋለን። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቢን፣ ሽኔደር፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ እንደ ሰው ስም ይጠራሉ። ውጅግራ የሚለው ቃል የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 ከተቀበለው «ፉዚ ግራ» ከተባለው ጠመንጃ የመጣ ነው፤ መትረየስም እንዲሁ ከፈረንሳይኛ ነው። ባዕድ ብረት በአንደበታችን ተጠምቆ የአገር ልጅ ሆነ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. ጉራ ላይ ከግብፅ ሠራዊት የተማረከው ረሚንግተን፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከኢጣሊያ ሠራዊት የተማረከው ጠመንጃና መድፍ የነፃነት ዋጋ ምስክር ነው። እንዲያውም ኢጣሊያ ራሷ ከዓድዋ በፊት በወዳጅነት ዘመን ለምኒልክ በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ሰጥታ ነበር። ያ መሣሪያ ወደ ሰጪው ዞሮ መተኮሱ የታሪክ ፍርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሣሪያ ስለሌለው ብቻ ርስቱንና ነፃነቱን የተቀማ ሕዝብ በዓለም ላይ ሞልቷልና፣ አባቶቻችን ጠመንጃቸውን ስለ ወደዱ የሚያፍርባቸው ልጅ ታሪክን አያውቅም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ አይዘጋም። «ጥንታዊ ጠመንጃ ቅርስ ነው፤ አዲሱ ግን መሣሪያ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለመሆኑ አንድ ጠመንጃ ጥንታዊ የሚሆነው መቼ ነው? በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ጠመንጃ ጥንታዊ ብሎ ከቁጥጥሩ ሲያወጣው ከዚያ በኋላ የተሠራውን ግን መሣሪያ ይለዋል። በዚህ ሚዛን ዓድዋ ላይ የጮኸው ጠመንጃ ሁሉ ዛሬ ጥንታዊ ነው፤ ዓድዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ነውና። ሕግ የግድ አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ስላለበት ሕጉን አልነቅፍም። ነገር ግን በዚያ ዓመት በመጨረሻው ቀን የተሠራውና በማግስቱ የተሠራው ጠመንጃ በአንድ ሰው ደረት ላይ ቢተኮሱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ግልጽ የሚያደርግልን በሙያችን ወንድም የሚሆነን አንድ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ኋላ ወደ ሐረር መጥቶ ነጋዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ፣ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገባ። እርሱ ራሱ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ የዚያ ንግድ ጠመንጃዎች በአውሮፓ አገልግሎታቸው ካበቃ 40 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። በሊዬዥ ከተማ ባሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ የአንዱ ዋጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ ሲሆን በሸዋ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጥ ነበር። ትርፉ ያሰበውን ያህል አልሆነለትም፤ ያ የእርሱ ጉዳይ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ አንዱ ብረት በሊዬዥ መጋዘን አሮጌ ዕቃ፣ በእንጦጦ ተራራ ግን የጦር መሣሪያ ነበር። ጠመንጃን ጥንታዊ የሚያደርገው እንግዲህ የብረቱ ዕድሜ አይደለም። ጥንታዊ የሚሆነው የሚያመጣው ሞት ያበቃ እንደሆነ ብቻ ነው። ሞቱ ማብቃቱን ደግሞ የሚያውቀው ሰደፉን የያዘው ሰው ሳይሆን ከአፈሙዙ ፊት የቆመው ነው።

በሌላ ወገን «ዕቃው ምን በደለ? በደለኛው ሰው ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ማጭድም ሰው ሊገድል ይችላል፤ ነገር ግን ማጭድ ሲገድል ከተፈጠረበት ዓላማ ወጥቶ ነው፤ ጠመንጃ ግን ሲገድል ዓላማውን ፈጸመ። ስለዚህ ጠመንጃ በደለኛ ባይሆንም ገለልተኛ ዕቃ ነው ማለት አይቻልም። የዳግማዊ ቴዎድሮስን ሽጉጥ እናስታውስ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለቆንስል ፕላውደን ስለ ተደረገለት በጎነት የምስጋና ምልክት አድርጋ የላከችው ስጦታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በገባ ጊዜ እጄን አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን ያጠፉት በዚያው በስጦታው ሽጉጥ ነው። ያ ዕቃ በአንድ ዕድሜ ውስጥ የወዳጅነት ምልክት፣ የንጉሥ መሞቻና የወታደር ምርኮ ሆነ። አንድ ሰብሳቢ በእጁ ቢያገኘው ከሦስቱ የትኛውን ገዛሁ ሊል ነው? ስጦታነቱን ብቻ ቢተርክ ዋሸ፤ ምርኮነቱን ብቻ ቢተርክም ዋሸ።

የቴአትር ሰው እንደ መሆኔ ሌላ አንድ ነገር ላንሣ። ሩሲያዊው ጸሐፊ አንቶን ቼኾቭ ሊተኮስ የማይታሰብ ጠመንጃ መድረክ ላይ መቀመጥ የለበትም የሚል ምክር እንደ ሰጠ በሙያችን ያለ ሁሉ ያውቃል። እኔም ይህን ለተማሪዎች ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። በሕይወት ውስጥ ግን የምንመኘው ተቃራኒውን ነው፤ በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ እንዳይተኮስ ነው የምንጸልየው። ሙዚየም ማለት ጠመንጃ ተሰቅሎ የማይተኮስበት ቤት ማለት ነው። በመቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ ያለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ትልቅነቱ የሚሰማን ስላልጮኸ አይደለምን? ያን መድፍ ተራራ ለተራራ የጎተቱትን ሰዎች ጉልበት፣ የንጉሡን ሕልምና የሕልሙን መጨረሻ ዝም ብሎ ይነግረናል። ዒላማ የሚተኩሰው ሰብሳቢ እንግዲህ በቴአትሩና በሙዚየሙ መካከል የቆመ ሰው ነው። ጠመንጃው ይጮኻል፤ የሚቀደደው ግን ወረቀት ነው። ወረቀቱ በማን ፈንታ እንደ ቆመ የሚያስብ ከሆነ አልነቅፈውም።

አሁን ወደ አባቴ ቤት ልመለስ።

የተወለድሁት ጎጃም ውስጥ ነው። ያ ውጅግራ የአያቴ ነበር። አያቴ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአርበኝነት ዱር ቤቴ ብለው ከፋሽስት ጦር ጋር የተዋጉት በዚያ ጠመንጃ ነው። በልጅነቴ በዓመት በዓል ቀን ከምሰሶው ሲወርድ ሰደፉን በጨርቅ የምወለውል እኔ ነበርሁ። የመጀመሪያ ግጥሜን የጻፍሁትም ስለ እርሱ ነው። በአባቴ አርባ ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ታናሽ ወንድሜ አንድ የከተማ ሰው ጥሩ ዋጋ እንደ ሰጠበት ገልጦ እንሽጠው አለ። አጎቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «የአባቴ ደም ያለበት ዕቃ ለገበያ አይወጣም!» ብለው ተቆጡ። በዚህ ጊዜ በር አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ጎረቤታችን፣ እማማ እያልን ያደግንባቸው አሮጊት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የወንድሜም ደም አለበት» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኛ ልጆቹ ግን የምንሰማው ነገር አልገባንም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። በ1948 ዓ.ም. በወሰን ጠብ አያቴ የእርሳቸውን ታላቅ ወንድም በእርሻው ዳር በዚያው ውጅግራ ገደሉት። ሟቹ 22 ዓመቱ ነበር፤ እርሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። ሽማግሌ ገባ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ደም ደረቀ፤ ነገሩም ዳግመኛ እንዳይነሣ በመሐላ ተዘጋ። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም አንድ ላይ በልተዋል። «እርቁን አላፈርስም ልጄ» አሉኝ። «ቂምም የለኝም። ግን በዓመት በዓል ያ ጠመንጃ ወርዶ ሲፎከርበት እየሰማሁ ወጥ ሳማስል ኖርሁ። አንድም ቀን ስሙን የጠራው የለም።»

አንባቢ ይፍረድ። ያ ጠመንጃ በ1948 ዓ.ም. ሲገድል ከሞዴሉ ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሰብሳቢዎች ሚዛን ከቅርስ የሚቆጠር ነበር። ለዚያ ወጣት ግን አሮጌ አልሆነለትም። እኔስ? ያን ሰደፍ እየወለወልሁ፣ ግጥም እየጻፍሁለት ስኖር የወደድሁት እውነትን ነበርን? አያቴ አርበኛ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። ነገር ግን እኔ ይዤ የኖርሁት የታሪኩን ግማሽ፣ የሰደፉን ወገን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ቀላል አልነበረም። እኔ ያቀረብሁት ሐሳብ ጠመንጃው በሕግ መሠረት ተመዝግቦ ለቅርስ ማስቀመጫ ቤት ይሰጥ፣ መግለጫውም ሁለቱንም ታሪክ ይያዝ የሚል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል ዝም ብሎ በምሰሶ ላይ መተው የሚቻል አልነበረም። አጎቴ ግን፣ «አባቴን በሕዝብ ፊት ነፍሰ ገዳይ ልታሰኛቸው ነው? እርቅ የዘጋውን ደጅ አንተ ማን ነህና ትከፍታለህ?» አሉኝ። ይህ ተራ ቁጣ አይደለም። አገር በእርቅ ይኖራል፤ እርቅም ብዙ ጊዜ በዝምታ ይቆማል። እውነትን ለመናገር ብሎ የቆየ ደም የሚቀሰቅስ ሰው ጀግና አይባልም፤ ግዴለሽ ነው። በዚህ ነገር ላይ ሌሊት ሌሊት ብዙ አሰብሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት መልስ፣ ዝምታውን ለመስበር መብት ያለው እኔም አጎቴም ሳንሆን ከአፈሙዙ ወገን የቀረው ሰው ነው የሚል ነው። ሽማግሌዎች ይዤ ወደ እማማ ሄድሁ። እርሳቸውም አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፦ «ስሙን ከነአባቱ ጻፉት። አንድ ሰው ብላችሁ እንዳታልፉት።»

እንዲሁ ተደረገ። መግለጫው አጭር ነው፦ የጠመንጃው ዓይነት፣ የአያቴ አርበኝነት፣ በ1948 ዓ.ም. በወሰን ጠብ የሞተው ወጣት ስም ከነአባቱ፣ በሽማግሌ የተፈጸመው እርቅ። እማማ ሄደው አይተውታል። አጎቴ እስከ ዛሬ አልሄዱም፤ ከእኔም ጋር ሰላምታችን እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን የጻፍሁት ፍርዴ ሁሉንም አስደስቷል ለማለት አይደለም። ዋጋ እንዳስከፈለ እንዲታወቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጠመንጃን እንደ ቅርስ መውደድ ይገባል፤ የሚገባው ግን ሁለቱንም ጫፉን ለሚወስድ ሰው ነው። ሰደፉ የያዘውን ሰው ታሪክ ይነግራል፦ ጥበቡን፣ ጀግንነቱን፣ የአገሩን ነፃነት። አፈሙዙ ደግሞ የቆመበትን ሰው ታሪክ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሰበስብ ሰው ቤቱን በብረት ሞላ እንጂ ቅርስ አልያዘም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነት የተተኮሱት መሣሪያዎችም አንድ ቀን አሮጌ ይሆናሉ፤ አንድ ቀን በመስታወት ሣጥን ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ መግለጫቸውን የሚጽፉት ዛሬ የምናስተምራቸው ልጆች ናቸው። የአንዱን ወገን ስም ብቻ እንዲጽፉ ካስተማርናቸው ጠመንጃው በሣጥኑ ውስጥ ሆኖም ጎርሶ ይቆያል።

እኛ የብዕርና የመድረክ ሰዎችም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለንም። ፉከራን በመድረክ ላይ እናወጣለን፤ ተመልካችም ያጨበጭባል፤ ደግም ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ቴአትር ውስጥ የሚፎክር ሰው ባቆምሁ ቁጥር፣ ከጓዳ ሆና ወጥ እያማሰለች የምትሰማ አንዲት ሴት አቆማለሁ። ብዙ ጊዜ የምትናገረው የላትም። ተዋናዮቹ ግን እርሷ መኖሯን እያወቁ ይፎክራሉ።